የአባቴ የአንገት አጥንት ወደ ፊት አድጎ ምግብ አላስውጥ አለው፣ ኦፕራሲዮን ተባልን፤ ያሰራ ሰው አለ?

የአዳማዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄ ነገር በራሱ ወይ በቤተሰቡ የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ይምከረኝ፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። አዳማ ነው ያለነው። አባቴ 68 ዓመቱ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፣ መጀመሪያ አሰብ ከዛ ጅቡቲ መስመር። ስኳር ካለበት 11 ዓመት ሆኖታል፣ ኪኒን ነው የሚወስደው። አንገቱ ድርቅ ካለ ቆይቷል፣ ጎን ለማየት ከነትከሻው ነው የሚዞረው፣ እኛም የሹፌር ነገር ነው ብለን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

መዋጥ ያቃተው ግን የዛሬ ዓመት ገደማ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ደረቅ ዳቦና ሥጋ ነበር ጉሮሮው ላይ የሚቆምበት፣ ውሃ ሲጠጣበት ይወርድለታል። ቀስ እያለ እንጀራውም መጣ፣ አሁን ፍርፍር ራሱ በደንብ ካልራሰ አይሄድለትም፣ ውሃም አንዳንዴ ትን ይለውና አይኑ እስኪቀላ ይስላል። እዚሁ አንድ ክሊኒክ ወስደነው ጨጓራ ነው ተብሎ አራት ወር ሙሉ የጨጓራ መድሃኒት ብቻ ሲወስድ ከረመ፣ አንድም ሰው አንገቱን ራጅ አንሱት አላለንም፣ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል ምክንያቱም በዛ አራት ወር ውስጥ ከ74 ኪሎ 63 ገባ።

ከዛ ካንሰር ነው ብለን ተረበሽን። የናቴ ወገኖች አሰላ ናቸው፣ በአርሲና በባሌ በኩል የጉሮሮ ካንሰር ብዙ ሰው እንደሚይዝ ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት ተነስታ ስታለቅስ ነበር። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮ አስገብቶ ማየት) ሲሰራለት ግን ሐኪሙ ከውስጥ ቁስልም እጢም የለም፣ ከኋላ ሆኖ ቧንቧውን የሚገፋ ነገር አለ አለን። ከዛ በኋላ ነው አንገቱ በጎን ራጅ የተነሳው። ሐኪሙ ራጁን መስኮቱ ላይ ይዞ ሲያሳየኝ እኔ እንኳን ያልተማርኩት ገባኝ፣ አጥንቱ ከፊት በኩል ልክ እንደ ወፍ መንቁር ወጥቶ ወደ ጉሮሮው ይመለከታል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሊገናኙ የደረሱ። ሲቲ ስካኑ ከሲ 3 እስከ ሲ 7 ይላል (ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው የአንገት አጥንት ማለት ነው)፣ ትልቁ 13 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ሪፈር ተባልንና ያየው ኒውሮሰርጀን (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም) ይሄ አጥንት ተቆርጦ መውጣት አለበት አለ።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ አንገት የተከፈተ ሰው ሽባ ሆኖ ነው የሚቀረው ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። አባዬ ራሱ ዕድሜዬን ጠግቤአለሁ ተዉኝ ይላል ግን ልቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለፋሲካ ትንሹ ልጄ በእጁ ጉርሻ አጎረሰው፣ እሱም ሳቀና ተቀበለው፣ ከዛ ፊቱን ዞር አድርጎ በሶፍት ሲያወጣት እኔ ብቻ አየሁት። ከዛን ቀን ወዲህ ከእኛ ጋር አንድ ትሪ አይቀርብም፣ ስስል ምግባችሁን አበላሻለሁ እያለ ጓዳ ገብቶ ብቻውን ነው የሚበላው።

ጥያቄዬ፦ ይሄን ኦፕራሲዮን ያሰራ ሰው አለ? እውነት ሽባ ያደርጋል? ከዛ በኋላስ እንደ ሰው ይበላል?

መምህር ከሀዋሳ

ልጄ፣ ጽሁፍሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ የምትነግሪኝ ነው የመሰለኝ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ይሄንኑ ኦፕራሲዮን ያሰራሁት የዛሬ ሁለት ዓመት በ64 ዓመቴ ነው። እኔም ስኳር አለብኝ። የኔ ከሲ 4 እስከ ሲ 6 ነበር፣ እንደ አባትሽ ኪኒን ራሱ ይቆምብኝ ነበር፣ ሚስቴ የስኳር ኪኒኔን ሜትፎርሚኑን በማንኪያ ታደቅልኝ ነበር (አንዳንዱ ኪኒን መደቀቅ የለበትምና እናንተ ሳትጠይቁ እንዳታደርጉት)።

መጀመሪያ የሽባውን ጉዳይ ልንገርሽ ምክንያቱም እኔም ስድስት ወር ያቆየኝ እሱ ፍርሃት ነው። ሐኪሜ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ጣቱን ጉሮሮዬ ላይ አድርጎ "ከዚህ ወደ ውስጥ ስንሄድ መጀመሪያ የምናገኘው ጉሮሮህን ነው፣ ከዛ አጥንቱን፣ ሰረሰርህ ያለው ከአጥንቱ ጀርባ ነው፣ እኔ የምቆርጠው ከፊት የበቀለውን ነው፣ ጀርባውን አልነካውም" አለኝ። ይሄን እስኪነግረኝ ድረስ ከማጅራቴ የሚከፍቱኝ ነበር የሚመስለኝ። ከፊት ነው የሚገባው። ዛሬ አንገቴን ብታዪው በቀኝ በኩል በቆዳው መሸብሸቢያ ላይ አንድ አጭር መስመር ናት፣ ሸሚዝ ስቆልፍ ትሸፈናለች። ምንም አደጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም፣ እሱን ሐኪሞቹ ይንገሩሽ፣ አጎትሽ የሚፈራው ግን ሌላ ዓይነት ኦፕራሲዮን ነው።

ኦፕራሲዮኑ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የፈጀው። ስነቃ ጉሮሮዬ እሳት ነበር፣ ከአንገቴ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ትንሽ ደም ወደ ጠርሙስ ይወርዳል፣ በማግስቱ አወጡት። አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መዋጡ ከበፊቱ ባሰብኝ። ምራቄ ራሱ ያመኝ ነበር። ልጆቼ ገንዘቡም ሰውየውም ጠፋ ብለው ደነገጡ፣ እኔም ከፋኝ፣ ደውዬ ሐኪሙን ተናገርኩት። እሱ ግን ረጋ ብሎ ጉሮሮህ ለሁለት ሰዓት ወደ ጎን ተስቦ ነው የቆየው፣ አብጧል፣ ይጎድላል አለኝ። እውነትም በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አጥሚቱ ሳላስበው ወረደ፣ ሳልገፋው፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሁለተኛው ደግሞ ድምፄ ነው። 34 ዓመት በድምፄ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ስነቃ ድምፄ የለም፣ እንደ ሹክሹክታ ነው የሚወጣው። ወደ ድምፅ የሚሄደው ነርቭ ሲሳብ ይደክማል አሉኝ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ፣ አሁንም ከፍ አድርጌ ስጣራ ይሰነጠቃል ግን እናገራለሁ። ለአባትሽ ቀድማችሁ ንገሩት እንዳይደነግጥ።

በሁለተኛው ወር አሞራ ገደል ሄጄ የዓሳ ሾርባ ጠጣሁ፣ በሦስተኛው ወር እንጀራ በዶሮ ወጥ በላሁ። ዛሬ ሁሉን እበላለሁ፣ ደረቅ ነገር ላይ ብቻ ቀስ እላለሁ። የጓዳውን ነገር ስታነሺ አንጀቴ ተላወሰ፣ እኔም ሰርግ ቤት ስጠራ ጾም ነኝ እያልኩ ነበር የምመለሰው። አባትሽን ሄደሽ ሀዋሳ አንድ የሚያውቅህ ሰው አለ በይው።

ቀበሌ 04

እህቴ አትቸኩሉ፣ ቢላ መጨረሻ ነው። እኛ ሰፈር አንድ ወጌሻ አሉ፣ የስንቱን አንገት በቅቤ አሽተው አቃንተዋል፣ የኔም ወንድም አንገቱ ተቆልፎ እሳቸው ናቸው ያስለቀቁት። መጀመሪያ እሱን ሞክሩ ካልሆነ ወደዛ ትሄዳላችሁ።

ሲስተር ነኝ

ወንድሜ በቅንነት እንደጻፍክ ይገባኛል፣ ወጌሻ የራሱ ቦታ አለው፣ ግን ለዚህ ሰውዬ በጭራሽ አይሆንም፣ ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያንተ ወንድም አንገቱ የተቆለፈው ጡንቻው ነው። የሷ አባት አንገት ግን አጥንት ከአጥንት ጋር ተያይዞ እንደ ዱላ የደረቀ ነው፣ ከሲ 3 እስከ ሲ 7 ማለት አንድ ረጅም ግንድ ማለት ነው። እንደዚህ የደረቀ አንገት ሲጠመዘዝ አይለቅም፣ ይሰበራል፣ ሲሰበር ደግሞ ሰረሰሩን ይዞ ነው የሚሄደው። አጎትየው የፈራው ሽባነት በዚህ መንገድ ነው ቶሎ የሚመጣው። እንዲህ ዓይነት ሰው ደረጃ ላይ ተንሸራቶ በትንሽ ውድቀት እንኳን አንገቱ ሊሰበር ስለሚችል ከወደቀ ቀላል ነው አትበሉ፣ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ውሰዱት።

እኔ የምሰራው ቀዶ ህክምና ክፍል ነው፣ ከኦፕራሲዮን የሚወጡትን የምቀበለው እኔ ነኝ። ለአስታማሚ ሁሌም የምናገረው አንድ ነገር አለ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት አንገቱን እዩት። ቁስሉ ስር ደም ከተጠራቀመ አንገቱ ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሲተነፍስ ፉጨት ይሰማል፣ ቁጭ ልበል ይላል፣ መናገር ያቅተዋል። ይሄን ካያችሁ እስኪነጋ ልጠብቅ የለም፣ ነርሷን ቀስቅሷት፣ ጩኹ፣ ማንንም አትፈሩ። ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ማታ የሚያድር ሰው ነቃ ያለ ይሁን፣ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ አታሳድሩ።

የአዳማዋ ልጅ

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የጻፉትን ቁጭ ብዬ ለአባዬ አነበብኩለት። ሰርግ ቤት ጾም ነኝ የሚሉት ላይ ስደርስ "እስቲ ድገሚው" አለኝ። ሲስተር አንቺም ተባረኪ፣ ወጌሻውን አጎቴ አስቦት ነበር፣ አሁን ተወ።

ኢኤንቲ (የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ) ሐኪም

እህታችን፣ አባትሽን ሳላያቸው ይሰራ አይሰራ ማለት አልችልም፣ ግን ቤተሰብ ሲወስን ነገሩ ገብቶት ቢወስን ስለሚሻል ትንሽ ላብራራ።

አጥንቱ እንዲህ ሲያድግ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንዱ በዕድሜ ዲስኩ (በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ትራስ) ሲያልቅ አጥንቱ ዳር ዳሩን ማብቀሉ ነው፣ ይሄ በአብዛኛው ሽማግሌ ላይ አለ፣ ብዙዎቹ አንድም ቀን ሳያስቸግራቸው ይኖራሉ። ሁለተኛው ዲሽ የሚባለው ነው፣ ፎሬስቲየና ሮቴስ ኬሮል የሚባሉ ሐኪሞች በ1950 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጻፉት በሽታ ነው፣ ከአጥንቱ ፊት ያለው ጅማት ራሱ አጥንት እየሆነ ቢያንስ አራት አጥንቶችን እንደ ቀለጠ ሻማ አያይዞ ይወርዳል፣ ዲስኩ ግን ብዙም አይጎዳም። ወንዶች ላይ፣ ከ50 ዓመት በላይ፣ ስኳርና ውፍረት ያለባቸው ላይ ይበዛል። ያንቺ አባት ከሲ 3 እስከ ሲ 7 ከሆነና ስኳርም ካለባቸው የሳቸው ወደዚህኛው ያደላል።

ለምን አላስውጥ ይላል? የምግብ ቧንቧው ልክ አጥንቱ ፊት ላይ ተለጥፎ ነው የሚወርደው፣ መሃላቸው ስስ ነገር ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ቢገፋ ቧንቧው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ሲ 6 ትይዩ ላይ ግን ቧንቧው ከማንቁርት ጋር ተያይዞ ስለሚጀምር መሸሻ የለውም። አጥንቱ ከፍ ብሎ ሲ 3 ና ሲ 4 ላይ ከወጣ ደግሞ ስንውጥ የመተንፈሻውን በር የሚዘጋው ክዳን በደንብ እንዳይተኛ ያደርገዋል፣ ውሃ ትን የሚለው በዚህ ነው። በዛ ላይ በየጉርሻው እዛው ቦታ ሲፋቅ ያብጣል፣ እብጠቱ ለብቻው አንድ ተጨማሪ ሸክም ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የወጡት ናቸው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት፣ 13 ትንሽ አይደለም።

አሁን የምለው ላይ ግን ጠንከር ልበል። አጥንት ስላየን ብቻ ጥፋተኛው አጥንቱ ነው ብለን መደምደም የለብንም። ኢንዶስኮፒ መደረጉ በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ እናንተ አካባቢ ያለ ሰው መዋጥ አቃተኝ ሲል ካንሰሩ ነው መጀመሪያ መታየት ያለበት። (ወደፊት ኢንዶስኮፒ የሚደገም ከሆነ ስለ አጥንቱ ለሚሰራው ሐኪም ቀድማችሁ ንገሩ፣ እዛ ቦታ ላይ በጉልበት ቢገፋ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል።) የቀረ የሚመስለኝ ባሪየም እያዋጡ በራጅ ማየት ነው። ነጩን ፈሳሽ እየዋጡ በቪዲዮ ሲታይ የት ጋ እንደሚቆም፣ አጥንቱ ጋ ነው ወይስ ሌላ ቦታ፣ ወደ ሳንባ ይገባል አይገባም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በስትሮክ ወይ በነርቭ ድክመት መዋጥ ያቃተውን ሰው አጥንቱን ብንቆርጥለት ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ይሄን ሳታስደርጉ ቀጠሮ አትያዙ፣ ካስደረጋችሁም ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ።

ኦፕራሲዮኑን መምህሩ በደንብ ገልጸውታል። በአንገት ጎን በኩል ተገብቶ ጉሮሮውና የአየር ቧንቧው ወደ አንድ ጎን፣ ትልቁ የደም ስር ወደ ሌላው ጎን ይደረጋል፣ በመሃል አጥንቱ ይገኛል፣ በፈጣን መቦርቦሪያ ይላጋል፣ ደሙ በአጥንት ሰም ይዘጋል። መንገዱ ራሱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሰራበት ነው፣ ለዲስክ ኦፕራሲዮንም በዚሁ ነው የሚገባው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ዲስኩ ካልተነካ ብረት ማስገባት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከፊት የበቀለው ብቻ ሳይሆን ከኋላም ሰረሰሩን የሚጫን ካለ ግን ዲስኩ ወጥቶ አጥንቶቹ ይያያዛሉ፣ ያኔ ፕሌትና ብሎን ይገባል፣ ኦፕራሲዮኑም አደጋውም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ፦ እጃቸው ይደነዝዛል? ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል? ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ? ከሆነ ኤምአርአይም ያስፈልጋል፣ ለኒውሮሰርጀኑም ንገሩት።

አደጋዎቹን ልደብቅሽ አልፈልግም። የድምፅ ነርቭ መድከም፣ ሲስተሯ የጠቀሰችው የደም መጠራቀም፣ ኢንፌክሽን፣ እና አልፎ አልፎ የምግብ ቧንቧው መቀደድ፣ የመጨረሻው ከባዱ ነው። በዓመታት ውስጥ አጥንቱ ቀስ ብሎ መልሶ ሊበቅል ይችላል፣ በተለይ ዲሽ ከሆነ፣ ስለዚህ በየጊዜው ራጅ መታየት አለባቸው። በትክክል ምክንያቱ አጥንቱ ሆኖ ሲገኝ ግን አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። ክብደታቸው 11 ኪሎ የወረደ፣ ውሃ ትን የሚላቸው ሰው ዝም ቢባሉ ደግሞ ያም አደጋ ነው፣ ወደ ሳንባ የገባው ምግብ የሳንባ ምች ያመጣል፣ በስኳር ላይ ሲሆን ከባድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ ቀድማችሁ አግኙት። አንገታቸው ስለማይታጠፍና አጥንቱ ጉሮሮውን ስለሚገፋ ቱቦ ማስገባቱ ሊከብድ ይችላል፣ አንዳንዴ ነቅተው እያሉ በካሜራ ነው የሚገባው። በዕለቱ ጠዋት ሳይሆን ቀደም ብሎ ማወቅ አለበት።

እናቴን ያስታመምኩ

እኔ ደግሞ የሌላውን ወገን ልንገርሽ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ኦፕራሲዮን አይደለም። እናቴ 81 ዓመቷ ነበር፣ ልቧም ደካማ ነው፣ ማደንዘዣ አትችልም ተባልን። የሷ ትንሽ ነው 8 ሚሊ ሜትር ምናምን። ለሦስት ሳምንት እብጠቱን የሚቀንስ የህመም ማስታገሻና የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ተሰጣት፣ ምግቧን ቀየርን፣ ከበፊቱ በጣም ተሻላት፣ እስካሁን በዛው ነው ያለችው። (የህመም ማስታገሻው ግን ስኳር ላለበትና ኩላሊቱ ለተነካ ሰው ሐኪም ሳያውቅ አይወሰድም።)

እስከዛው የሚበላውን ልንገርሽ፣ ኪሎው እንዳይወርድ። ገንፎ ቀጠን ብሎ፣ ምንም ሳይጓጉል፣ በደንብ የበሰለ ሽሮ ቀጠን ያለ እንጀራውን ገብቶ እስኪሟሽሽ ድረስ፣ ድንችና ካሮት የተፈጨ፣ እንቁላል ለስለስ ብሎ የተቀቀለ፣ አቮካዶ፣ እርጎ። አጥሚት ስትሰሪለት ስኳር አትጨምሪበት። ቆሎ፣ ቂጣ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ጥብስ፣ ጭብጦ ይቅር። ትንሽ ትንሽ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ትኩስ ትኩሱንም አትስጪው ቀዝቀዝ ይበል። ጿሚ ከሆነ የንስሐ አባቱን አናግሩ፣ እናቴ እምቢ ብላ የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቤት መጥተው ወተቱን ባርከው ሰጧት፣ ከዛ በኋላ ነው የጠጣችው።

ሌላው እኛ ሳናውቅ ስናጠፋ የነበረው፣ እናቴ ኪኒን ስትውጥ ቀና ትል ነበር፣ ሁላችንም እንደዛ ነን። አንገት ቀና ሲል አጥንቱ ይበልጥ ወደ ጉሮሮ ይገፋል፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ እንድትውጥ ፊዚዮቴራፒስቱ አሳያት፣ ቀላል ነገር ነው ግን በጣም ረዳት። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ላይሆን ስለሚችል አሳዩት። ከበላ በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይበል፣ ወዲያው አይተኛ።

የአዳማዋ ልጅ

እንዴት ናችሁ፣ ሳልመለስ ሦስት ሳምንት ሆነኝ ይቅርታ። ዶክተር ያሉትን ባሪየም አስደረግነው። አባዬ ነጭ ጋዋን ለብሶ ቆሞ በኩባያ የተሰጠውን ነጭ ነገር ሲውጥ እኔ ከመስታወቱ ኋላ ሆኜ ስክሪኑን አያለሁ። ነጩ ነገር ወረደ ወረደና አንገቱ መሃል ሲደርስ ቆመ፣ ልክ ቦይ ውስጥ ድንጋይ ሲገባ ውሃው እንደሚያደርገው በጎኑ ቀጭን ሆኖ ዞሮ አለፈ። ያ ቦታ አጥንቱ ያለበት ነው። ትንሽ ደግሞ ወደ አየር ቧንቧው ስትገባ አየሁ፣ ወዲያው ሳለ። ከዛ ራሳቸው ለአባዬም አሳዩት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና "ይሄ ነው እንዴ አንድ ዓመት ሙሉ ያስራበኝ" አለ።

አጎቴንም ይዘነው ነበር የሄድነው፣ እሱም አየው። ከዛ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም፣ በፈጣን መንገዱ ስንመለስ ሞጆ ጋ ስንደርስ ብቻ ደሙን እኔ እሰጣለሁ አለ።

እጁ አይደነዝዝም፣ ኤምአርአይም ተነሳ፣ ሰረሰሩ ነፃ ነው ተባለ፣ ስለዚህ ብረት አይገባም አሉን፣ አጥንቱን መላጋት ብቻ ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ስለነበር ቁስሉ እንዲድን መጀመሪያ ይስተካከል ብለው ሁለት ሳምንት አቆዩን፣ አሁን ወርዷል። የልብ አስፕሪን ይወስድ ነበር፣ እሱንም ለኒውሮሰርጀኑ ነገርነው፣ ቀድሞ እንዲያቆም አዘዙት። ማደንዘዣ የሚሰጠውንም አግኝተነዋል፣ በካሜራ ነው የማስገባው አለ። ገንፎና አቮካዶው ሁለት ኪሎ መልሶለታል፣ 65 ገብቷል፣ አገጩንም ዝቅ እያደረገ ነው የሚውጠው።

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ሌሊት የማድረው እኔ ነኝ፣ ሲስተር ያልሽውን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። መምህር አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አባዬ ነው ጠይቂልኝ ያለኝ፣ ድምፅዎ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ በምን ነበር ከሰው የሚግባቡት? እሱ ስልክ ላይ መጻፍ አይችልም።

መምህር ከሀዋሳ

ልጄ፣ እኔ የልጄን ደብተርና ስክሪብቶ ነበር የያዝኩት። ለሱ ግን ትንሽ ደወል ወይ ፉጨት ግዙለትና ትራሱ ስር አድርጉለት፣ ሌሊት ሲፈልግሽ በሱ ይጥራሽ። አንዴ ሲነፋ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ሕመም፣ ብዙ ጊዜ ሲነፋ ደግሞ ነርሷን ጥሪ ማለት ይሁን፣ ከሰኞ በፊት ቤት ውስጥ ተለማመዱት። ሹፌር አይደል፣ ጥሩንባ ማን ያስተምረዋል። ለሊቱ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብና ውሃ እንደሚያቆም፣ የዛን ዕለት ጠዋት የስኳር ኪኒኑን ይውሰድ አይውሰድ ደግሞ ሰኞ ስትገቡ ጠይቁ፣ እኔን ሳይነግሩኝ ቀርተው ጠዋት ላይ ነው የተሯሯጥነው። ማክሰኞ ማታ ስትችዪ አንድ መስመር ጻፊልን።

የአዳማዋ ልጅ

እጽፋለሁ። ፉጨቱን ትንሹ ልጄ የራሱን ሰጥቶታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱ በረንዳ ላይ ሲለማመዱ ነው የዋሉት።